የውሻ እግር በድንገት ሲንቀጠቀጥ፦ ልጠብቅ፣ ቀጠሮ ልያዝ ወይስ አሁኑኑ ልሂድ?

የውሻችሁ እግር በድንገት መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከፊታችሁ ሦስት መንገድ አለ። ቤት ሆኖ መከታተል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ የእንስሳት ሐኪም ማሳየት፣ ወይም የያዙትን ጥሎ አሁኑኑ መሄድ። ሦስቱም በየቦታቸው ትክክል ናቸው። ችግሩ የሚመጣው ሲቀያየሩ ነው። ዝናብ ያበሰበሰውን ውሻ በሌሊት ክሊኒክ ይዞ መሄድ ድካም ነው እንጂ ጉዳት የለውም። መርዝ የበላ ውሻ "ይተኛና ይሻለዋል" ተብሎ ካደረ ግን ሊሞት ይችላል። ሁለቱ ስህተቶች እኩል ስላልሆኑ እኔ ሁልጊዜ ወደ ጥንቃቄው አደላለሁ።

መንቀጥቀጡ ብቻውን ብዙ አይነግራችሁም። ብርድ ያንቀጠቅጣል። ፍርሃትም፣ ሕመምም፣ የስኳር ማነስም፣ መርዝም ያንቀጠቅጣል። እግሩን ብቻ አይቶ "ይሄ ነው" ማለት ለሐኪምም ይከብዳል። መንገዱን የሚያሳያችሁ ከመንቀጥቀጡ ጋር አብሮ ያለው ነገር ነው። ውሻው ራሱን ያውቃል? የሚንቀጠቀጠው አንድ እግር ነው ወይስ ሁሉም? ሲተኛ ይቆማል ወይስ ይቀጥላል? ትናንትና ዛሬ ምን ገጠመው?

የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች

ስልካችሁን አውጡና ቅረጹት። ሠላሳ ሰከንድ ይበቃል። እግሩ ብቻ ሳይሆን ፊቱም ቪዲዮው ውስጥ ይግባ። ክሊኒክ ሲደርሱ መንቀጥቀጡ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ያኔ ከማንኛውም ገለጻ በላይ የሚጠቅመው ያ ቪዲዮ ነው።

ቀጥሎ በስሙ ጥሩት። ዞር ብሎ ካያችሁ፣ ጭራውን ከነቀነቀ ወይም ሊመጣ ከሞከረ ራሱን አልሳተም ማለት ነው። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋችሁ ድዱን እዩ። የጤነኛ ውሻ ድድ ሮዝ ነው። በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት ነጣ ይልና በ2 ሰከንድ ውስጥ ቀለሙ ይመለሳል። ድዱ በተፈጥሮው ጥቁር ከሆነ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጡን ማየት ይቻላል። የገረጣ፣ የጠቆረ ሰማያዊ ወይም ደም የመሰለ ቀይ ድድ ካያችሁ ቀሪውን ማንበብ ትታችሁ ሂዱ።

ቴርሞሜትር ካላችሁ ሙቀቱን በፊንጢጣ ለኩ። የውሻ ጤናማ ሙቀት በግምት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከእኛ ስለሚበልጥ ሰው በእጁ ዳሶ "ትኩሳት አለው" ቢል ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። ከ40 በላይ ሆኖ የሚንቀጠቀጥ ውሻ ግን የሚጠበቅ አይደለም።

ከቻለ ጥቂት እርምጃ ይራመድ። ያነክሳል? ይወላገዳል? የእግሩን ጥፍር መሬት ላይ ይጎትታል? አንድ ቀላል ሙከራም አለ። ውሻው ቆሞ ሳለ ከሆዱ ደገፍ አድርጉትና አንዱን መዳፍ ገልብጡት፤ የመዳፉ ጀርባ መሬት ይንካ። ነርቩ ደህና ከሆነ ወዲያው ያስተካክለዋል። እንደተገለበጠ ከተወው ወይም ከዘገየ ጉዳዩ የጡንቻ ድካም ሳይሆን የነርቭ ወይም የአከርካሪ ሊሆን ይችላል። ሲነኩት የሚጮህ ውሻ ላይ ግን ይህን አትሞክሩ።

መንቀጥቀጥ ነው ወይስ የሚጥል በሽታ?

ሰው በብዛት የሚያምታታው እነዚህን ሁለቱን ነው። በመንቀጥቀጥ ጊዜ ውሻው ያያችኋል፣ ይሰማችኋል፣ ብዙ ጊዜም መቆም ይችላል። የሚጥል በሽታ ሲነሳበት ግን ራሱን ይስታል። ይወድቃል፣ ሰውነቱ ይገተራል፣ በአየር ላይ እንደሚዋኝ እግሮቹን ይቀዝፋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ ሽንቱ ሊያመልጠው ይችላል። ሲያበቃም ወዲያው ወደ ራሱ አይመለስም። ለደቂቃዎች፣ አንዳንዴም ለሰዓታት ግራ ተጋብቶ ይዞራል፤ ግድግዳ ሊገጭ፣ ሰውም ላያውቅ ይችላል።

መሃል ላይ የሚወድቅ ዓይነትም አለ። ውሻው ነቅቶ እያለ አንድ እግሩ ወይም የፊቱ አንድ ወገን በተደጋጋሚ፣ በእኩል ምት ይነዝራል። ይህም ከአንጎል የሚመጣ ሊሆን ስለሚችል ለብርድ አትስጡት፤ ቪዲዮውን ለሐኪም አሳዩ።

የሚጥል ሆኖ ከታያችሁ ሰዓት ያዙ። ከ5 ደቂቃ በላይ ከቆየ ወይም በ24 ሰዓት ውስጥ ከተደገመ ድንገተኛ ነው። አፉ ውስጥ እጅ አታስገቡ። ምላሱን አይውጥም፤ እናንተን ግን ሳያውቅ ሊነክስ ይችላል። ዙሪያው ያሉ ዕቃዎችን አንሱለት፣ መብራት ቀንሱ፣ ድምፅ ዝቅ ይበል።

ቤት ሆኖ መከታተል የሚበቃው መቼ ነው?

ምክንያቱ ከዓይናችሁ ፊት ሲሆንና ምክንያቱ ሲወገድ መንቀጥቀጡም ሲቆም። ከዚህ ውጭ መከታተል የሚባለው ነገር መዘግየት ነው።

ብርድ ቀላሉ ነው። ትንሽ፣ ቀጭን ወይም አጭር ፀጉር ያለው ውሻ ከረጠበ ይንቀጠቀጣል። አድርቁት፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉለት፤ በግማሽ ሰዓት ገደማ ለውጥ ማየት አለባችሁ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሰውነቱ በጣም ቀዝቅዞ እያለ መንቀጥቀጡ ቢቆምና ውሻው ቢደነዝዝ መሻል አይደለም። ሰውነቱ ራሱን የማሞቅ አቅም አጥቷል ማለት ነው፤ ያ ድንገተኛ ነው።

ፍርሃትና ደስታም ያንቀጠቅጣሉ። ነጎድጓድ፣ ርችት፣ እንግዳ ሰው፣ ረጅም የመኪና ጉዞ። የፈራ ውሻ ጆሮውን ወደ ኋላ ያጥፋል፣ ጭራውን እግሩ መሃል ይወሽቃል፣ ከንፈሩን ይልሳል፣ ሳይደክመው ያዛጋል። ድምፁ ሲያልፍ እሱም ይረጋጋል። ፍርሃትን ከሕመም ለመለየት እኔ የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ ምንም ሳይመጣ ይንቀጠቀጣል? መልሱ አዎ ከሆነ ሕመምን ጠርጥሩ። ውሻ ሕመሙን መደበቅ ያውቅበታል። ሳይጮህ፣ ሳያለቅስ፣ ጥግ ይዞ እየተንቀጠቀጠ ብቻ በጣም ሊያመው ይችላል።

ብዙ ከሮጠ በኋላ የጭኑ ጡንቻ ቢርገበገብ ውኃና ዕረፍት ይበቃዋል። ቀኑ ሞቃት ከነበረና ማለክለኩ አልቆም ካለ፣ ድዱም ከቀላ ግን ሙቀት መትቶታል። ውኃ እያፈሰሳችሁበት፣ አየር እንዲያገኝ እያደረጋችሁ ወደ ክሊኒክ ውሰዱት።

በእንቅልፍ ልቡ እግሩን የሚያወናጭፍ ውሻ ደግሞ ሕልም እያየ ነው። ከራቅ ብላችሁ ጥሩት፤ ነቅቶ ካወቃችሁ ተዉት ይተኛ።

ቀጠሮ የሚያስፈልገው

እዚህ ጋ ረዘም ልበል። ብዙ ውሾች ሳያስፈልግ የሚሰቃዩት በዚህኛው ክፍል ነው።

ያረጀ ውሻ ምግቡ ሳህን ላይ ቆሞ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ሲተኛ ይቆማል። ባለቤቱም "አርጅቷል፣ ምን ይደረግ" ብሎ ያልፈዋል። ከፊሉ እውነት ነው፤ በዕድሜ የጭን ጡንቻ ይሳሳል፣ እግርም መሸከም ያቅተዋል። ግን ከዚያ ጀርባ ብዙ ጊዜ የዳሌ ወይም የጉልበት መገጣጠሚያ ሕመም አለ፤ ሕመም ደግሞ ይታከማል። ደረጃ ፊት ቆም ብሎ ማመንታት፣ ከተኛበት ሲነሳ መቸገር፣ አንድን መገጣጠሚያ ደጋግሞ መላስ፣ ሲቀመጥ ወደ ጎን መዘርጋት፣ እነዚህ ሁሉ የሕመም ምልክቶች ናቸው። ክብደት መቀነስ፣ በሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ ማንጠፍ፣ ከአንድ ረጅም ጉዞ ይልቅ አጫጭር የእግር ጉዞዎች፣ ከሐኪም የታዘዘ ለውሻ የተሠራ የሕመም መድኃኒት፤ እነዚህ ተደምረው የውሻውን ቀን ሊለውጡት ይችላሉ። እባካችሁ ዕድሜን ምርመራ አታድርጉት።

የእርጅና ድካም ቀስ እያለ ይመጣል፤ ሁለቱንም የኋላ እግር ይይዛል። በድንገት አንዱ ብቻ ሲንቀጠቀጥ ነገሩ ሌላ ነው። ውሻው ያንን እግር በጣቱ ጫፍ ብቻ መሬት የሚያስነካ ከሆነና ሲቀመጥ ወደ ውጭ የሚዘረጋው ከሆነ የጉልበቱ ጅማት ተጎድቶ ወይም ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። ትልልቅ ውሾች ላይ ቀዶ ሕክምና ብዙ ጊዜ የተሻለው ምርጫ ነው፤ ትንንሾቹ ላይ በዕረፍትና በመድኃኒት መጀመር የሚቻልበት ጊዜ አለ። ትንሽ ውሻ ሁለት ሦስት እርምጃ እግሩን አንስቶ ዘልሎ ከዚያ እንደ ምንም ሳይሆን ከተራመደ ደግሞ የጉልበቱ ሎሚ ከቦታው እየወጣ የሚመለስ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ቀጠሮ ይበቃቸዋል፤ እስከዚያው ሩጫና ዝላይ ይቁም።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ግን ጀርባን ነው። እንደ ዳክስሁንድ ያሉ ረጅም ጀርባና አጭር እግር ያላቸው ውሾች በአከርካሪ አጥንቶች መሃል ያለው ዲስክ ይወጣባቸዋል። ጀርባው ይጎብጣል፣ ሲያነሱት ይጮኻል፣ ሶፋ ላይ መዝለል እምቢ ይላል፣ የኋላ እግሮቹ ይንቀጠቀጣሉ። ከእርጅና ድካም የሚለየው በድንገተኛነቱና በሕመሙ ነው። ውሻው አሁንም የሚራመድ ከሆነ በዚያው ቀን አሳዩት፤ እስከዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ አስቀምጡት፣ ደረጃ አይውጣ፣ ለሽንት ብቻ ይውጣ። እግሩን መጎተት ከጀመረ፣ መቆም ካቃተው ወይም መሽናት ካልቻለ ግን ቀጠሮ መጠበቅ የለም። የተጫነ ነርቭ በሰዓታት ሊበላሽ ይችላል።

አልፎ አልፎ የሚገጥሙም አሉ። እንደ ግሬት ዴን ባሉ ግዙፍ ዝርያዎች ወጣት ሆነው ሳለ ሲቆሙ ብቻ እግራቸው የሚንቀጠቀጥ፣ ሲራመዱ ወይም ሲተኙ የሚተዋቸው አሉ። እንደ ማልቲዝና ዌስት ሃይላንድ ዋይት ቴሪየር ያሉ ትንንሽ ነጭ ውሾች ደግሞ በወጣትነታቸው መላ ሰውነታቸውን የሚያንቀጠቅጥ ሕመም ሊይዛቸው ይችላል፤ ሌሎች ዝርያዎችንም ይይዛል። ሁለቱም ያስፈራሉ፣ ሁለቱም ግን መድኃኒት አላቸው። ነጮቹ በስቴሮይድ ጥሩ መሻሻል ያሳያሉ።

መንቀጥቀጡ መጣ ሄድ የሚል ከሆነ፣ አብሮም ማስመለስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና መክሳት ካለ የደም ምርመራ ጠይቁ። የኩላሊት ድካምና የአድሬናል ዕጢ (ከኩላሊት አናት ላይ ያለችው ትንሽ ዕጢ) ሆርሞን ማነስ እንዲህ ሆነው ይመጣሉ። ሁለተኛው በተለይ ለረጅም ጊዜ ሌላ ነገር እየመሰለ ያታልላል። ውሻው በድንገት ከወደቀ ወደሚቀጥለው ክፍል ይዛወራል።

አሁኑኑ የሚያስሄደው

መጀመሪያ የሚጠረጠረው መርዝ ነው። ጤነኛ የነበረ ውሻ ባንዴ መላ አካሉ መንቀጥቀጥ ከጀመረ፣ አብሮም ለሃጭ፣ ማስመለስ፣ ተቅማጥ፣ የሰፋ የዓይን ብሌን፣ መወላገድ ወይም ሲነኩት መደንበር ካለ መርዝ ነው ብላችሁ ተነሱ። ቸኮሌት ቴኦብሮሚን የሚባል ንጥረ ነገር አለው፤ የውሻ አካል በቶሎ አያስወግደውም። ጥቁርና መራራ በሆነ ቁጥር ይብሳል። ምልክቱ ከበላ ከብዙ ሰዓታት በኋላ ሊመጣ ስለሚችል ትናንት ማታ የጠፋውን ቸኮሌት አስታውሱ። የሻገተ ምግብ፣ በተለይ ከቆሻሻ ገንዳ የተለቀመ፣ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ያመጣል። የቀንድ አውጣ ማጥፊያ፣ አንዳንድ የአይጥ መርዝ፣ የተክልና የቁንጫ ፀረ ተባዮችም እንዲሁ። የሰው መድኃኒትም እዚሁ ውስጥ ይገባል።

ዛይሊቶል ለብቻው መጠቀስ አለበት። ስኳር የለሽ ማስቲካና አንዳንድ ጣፋጮች ውስጥ የሚገባ ማጣፈጫ ነው። ለሰው ምንም አይደለም። ውሻ ውስጥ ሲገባ ግን ኢንሱሊን በብዛት እንዲለቀቅ ያደርግና የደም ስኳሩን በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሊያወርደው ይችላል፤ ጉበቱንም ሊጎዳ ይችላል። አንድ ሁለት ማስቲካ ለትንሽ ውሻ ብዙ ነው።

የስኳር ማነስ ያለ መርዝም ይመጣል። እንደ ቺዋዋና ዮርክሻየር ቴሪየር ያሉ በጣም ትንንሽ ዝርያዎች ቡችሎች አንድ ምግብ ካለፋቸው ወይም ተቅማጥ ከያዛቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ እንደሰከረ ይንገዳገዳሉ፣ ከዚያም ይደክማሉ። ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ውሻም እንደዚያው። እዚህ ላይ ቤት ውስጥ መሥራት የምትችሉት ነገር አለ፦ ትንሽ ማር ወይም የስኳር ውኃ በጣት ድዱ ላይ መቀባት። መዋጥ የማይችል ውሻ አፍ ውስጥ ግን ምንም አታፍስሱ። ቢነቃም ክሊኒክ መሄዱ አይቀርም፤ ስኳሩ ተመልሶ ይወርዳልና።

የምታጠባ እናት ውሻ ከተንቀጠቀጠች ደግሞ ሌላ ምክንያት ከመፈለጋችሁ በፊት ካልሲየምን አስቡ። በብዛት ከወለደች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አራት ሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ በተለይ ትንሽ ዝርያ ሆና ብዙ ቡችላ ካላት። ወተቱ ካልሲየሟን ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ትቁነጠነጣለች፣ ታለከልካለች፣ ልጆቿን ችላ ትላለች። ከዚያ እግሯ ይገተራል፣ ትንቀጠቀጣለች፣ ትኩሳቷ ይወጣል፤ ካልተደረሰላት ራሷን ትስታለች። ቡችሎቹን ለዩና ውሰዷት። ሐኪሙ ካልሲየም በደም ሥር ቀስ አድርጎ እየሰጠ ልቧን ያዳምጣል፤ ብዙዎቹ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እያሉ ይረጋጋሉ። የሚያሳዝነው፣ አስቦላት በእርግዝናዋ ጊዜ የካልሲየም ኪኒን የሚሰጣት ባለቤት አደጋውን ሊያብስ ይችላል። ሰውነቷ ከውጭ መቀበል ይለምድና በራሱ ከአጥንት የማውጣት ሥራው ይሰንፋል።

ያልተከተበ ቡችላ ትኩሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ ሳልና ተቅማጥ ኖሮት ከዚያ እግሩ በእኩል ምት መንዘር ከጀመረ ዲስቴምፐር የሚባለውን ተላላፊ የውሻ ቫይረስ በሽታ ጠርጥሩ። ይህኛው መንዘር ተኝቶም አያቆምም። ከሌሎች ውሾች ለዩት። የባሕርይ መለወጥ፣ መዋጥ አለመቻልና የአፍ መዝረክረክ ያለው፣ ክትባቱ የማይታወቅ ውሻ ከሆነ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በባዶ እጅ አትንኩት፤ ለሐኪሙ አስቀድማችሁ ደውሉ።

በየትኛውም መንገድ የማይደረግ

ኢቡፕሮፌን፣ ፓራሲታሞል፣ አስፕሪን፤ አንዱንም በራሳችሁ አትስጡ። ለእኛ ማስታገሻ የሆነው የውሻን ሆድ፣ ኩላሊት ወይም ጉበት ያቃጥላል። ሌላው ቀርቶ፣ ሐኪሙ ሊሰጥ የፈለገውን ትክክለኛ መድኃኒት እንዳይሰጥ እጁን ያስራል።

እየተንቀጠቀጠ ያለ ውሻን አታስመልሱ። ትውከቱ ሳንባው ይገባል። ወተት መርዝ ያረክሳል የሚባለውም አይሠራም። የሚንቀጠቀጠውን እግር አጥብቆ ማሸትም ይቅር፤ ጅማቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ከሆነ ታብሱበታላችሁ።

ክሊኒክ ስትደርሱ

የበላውን ከጠረጠራችሁ ማሸጊያውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ካስመለሰም ትንሽ በላስቲክ ያዙ። መቼ እንደጀመረ፣ ስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ የሚወስደውን መድኃኒትና ክብደቱን ንገሩ። ክብደቱ በተለይ ለመርዝ ስሌት ወሳኝ ነው። ጀርባው ከተጠረጠረ በእቅፍ ሳይሆን በሳንቃ ወይም በተወጠረ ብርድ ልብስ ላይ አጋድማችሁ አጓጉዙት።

ከምርመራዎቹ መሃል መምረጥ ካለባችሁ ከደሙ ጀምሩ። ስኳር፣ ካልሲየም፣ ኩላሊትና ጨው በአንድ ናሙና ይታያሉ፤ ውጤታቸውም ያኔውኑ ሕክምና ያስጀምራል። ራጅ የአጥንትንና የመገጣጠሚያን ችግር ያሳያል፤ ዲስክንና ነርቭን ግን በደንብ አያሳይም። ኤምአርአይ ውድ ነው፣ ማደንዘዣም ይፈልጋል፤ ስለዚህ ቀዶ ሕክምና ሲታሰብ ወይም ሌላው ሁሉ መልስ ሲያጣ የሚመጣ ነው። ሐኪሙ ምርመራ ሲያዝ "ውጤቱ የምንሰጠውን ሕክምና ይለውጠዋል?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ሐኪም በዚህ ጥያቄ አይከፋም።